ህንድ ያስተማራቸው ሰዎች

ንዴት እንዲህ ደስ እንደሚል ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እስከ አምና ድረስ ስናደድ አለቅስ ነበር፤ አለዚያም በር በኃይል እዘጋና እናቴ «በሩ ደግሞ ምን አደረገሽ?» ትለኛለች። ዘንድሮ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ከሞላኝ ወዲህ፣ ስናደድ ብዕር ነው የማነሳው። ቃሉ ተሰልፎ ይመጣልኛል። ይህንንም የምጽፈው ሳይበርድልኝ ነው፤ ከበረደልኝ ለሁሉም አዝንና ነገሩን አለሳልሰዋለሁ፣ ራሴን አውቃለሁ።

ያናደደኝ የህንድ ታሪክ ነው። ስዊዘርላንድ ለምንኖር የአዲስ አበባ ሰዎች የህንድ ታሪክ ምናችን ነው ትሉ ይሆናል። እኔም አክስቴ ከእኛ ጋር መኖር እስክትጀምር ድረስ እንደዚያ ነበር የምለው።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ የህንድን ታሪክ ታጠናለች። ለዛቫንሼ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ጠባብ ስለሆነ አንድ ክፍል እንጋራለን፤ እኔ በመስኮቱ በኩል፣ እሷ በመጽሐፎቿ በኩል። ደካን በሚባለው የህንድ ክፍል የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ የተጻፉት ዜና መዋዕሎች በፋርስኛ ናቸውና ፋርስኛ ተምራለች። ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ ከጎኔ ቆማ የፋርስኛ ግሥ ታረባለች። የምታጠናውም ከእኛ አገር ተወስደው እዚያ ወታደር ስለሆኑ ሰዎች ነው። አንደኛው ልጅ ሆኖ ተሸጠ፤ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ኖሮ ህንድ ደረሰ። እዚያ አድጎ የጦር አዛዥ ሆነ፣ በንጉሥ ስም አገር አስተዳደረ፣ የሰሜን ህንዶቹን የሞጉል ነገሥታት ጦር ዕድሜ ልኩን ሲያስጨንቅ ኖረ፣ ከተማ ቆርቁሮ በመሬት ውስጥ ቦይ ውሃ አስገባለት። መጀመሪያ የነገረችኝ ዕለት ብርሹ አፌ ውስጥ ቀረ። ኮሌጅ በሚሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ያን ሁሉ የፈረንጅ ንጉሥ ስሸመድድ ስለዚህ ሰው አንድም አስተማሪ ትንፍሽ ያለ የለም።

ማኅበራችን ዙሪክ ነው። በዓል ሲደርስ ዜባህ በሚባለው ሰፈር አንድ የስዊዞቹ ቤተ ክርስቲያን አዳራሹን ያውሰናል፤ እኛ ጄኔቮች በባቡር እንሄዳለን። ከምሳ በኋላ ወንዶቹ ወንበራቸውን ክብ ያደርጉና ክርክር ይጀምራሉ። መጀመሪያ ደርግ ይነሳል። ቀጥሎ ፐርሚ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማን ተሰጠው ማን ተከለከለ። እነዚህ ሁለቱ ሲያልቁ የቀረው ዓለም ሁሉ ይነሳል።

ባለፈው ገና አንዱ አክስቴን ምን እንደምትማር ጠየቃት። «የህንድ ታሪክ» አለች። ይህን ማለት አልነበረባትም፤ ምክንያቱም እዚያ አዳራሽ ውስጥ ህንድ ያላስተማረው ሰው የለም። በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሁሉ ቢያንስ አንድ ህንድ አስተማሪ አለው፤ ጠመኔ አወራወሩንና «ሲት ዳውን» አባባሉን እያስመሰለ እስከ ዛሬ የሚስቅበት።

«ህንድን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አሉ መነጽር ያደረጉት ሰውዬ። «አራት ዓመት ሙሉ ህንድ ነው ያስተማረኝ።»

«ምን አስተማሩዎት?» አለች አክስቴ።

«አልጀብራ።»

ማንም አልሳቀም። እኔ ብቻ ሳቅሁና እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

«እኔ ደግሞ የህንድ ፊልም አንድም አምልጦኝ አያውቅም» አለ ከሰውዬው ጎን የተቀመጠው። «ታሪካቸው እንዳለ እዚያ ውስጥ ነው።»

«ዘፈኑም ታሪክ ነው?» አለችው ሚስቱ።

«ዘፈኑማ ዋናው ነው።»

ይህ ሁሉ ሳቅና ጨዋታ ነበር። ጋሼ ሲነሱ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጋሼ የማኅበራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ሊቀ መንበር እንዳይባሉ ቃሉን ደርግ ወሰደው። በንጉሡ ጊዜ ትልቅ ሹም ነበሩ፤ እዚህ በአንድ የመድን ድርጅት ደብዳቤ ክፍል ሲሠሩ ቆይተው ጡረታ ወጥተዋል። ድምፃቸው በጣም ያምራል፣ ይህን ተናድጄም አልክድም። አክስቴ ስለ ደካኑ ሰው መናገር ስትጀምር እጃቸውን አነሱ።

«ያ ሰው የእኛ መስፍን ነው። ጦሩን አስከትሎ፣ ባሕር ተሻግሮ ነው ህንድ የገባው። ይህን የነገረኝ ህንዱ አስተማሪዬ ራሱ ነው። ‹እናንተ እኮ ገዝታችሁን ነበር› ብሎኛል።»

«ጋሼ፣ መሸጡ ላይ የጊዜው ጸሐፊዎች ይስማማሉ።»

«ማን ሸጠው?»

«አላውቅም። እሱ ላይ አይስማሙም።»

«የየት አገር ልጅ ነው?»

«ይሄ ነው ብዬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም።»

«እሺ፣ አባቱ ማን ይባላል?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

ጋሼ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ተምራ፣ አላውቅም» አሉ በዚያ በሚያምር ድምፅ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እኔን ያቃጠለኝ እሱ ሳቅ ነው። በዚያ ክብ ውስጥ ሕጉ አንድ ነው፤ አላውቅም ያለ ተሸነፈ። ጮክ ብሎ፣ ሳይደናቀፍ፣ የአባት ስም ጠርቶ የተናገረ አሸነፈ። የአክስቴ ሙያ ደግሞ የሚታወቀውን ከማይታወቀው መለየት ነው፤ ለዚህ ብላ ነው ዓይኗ እስኪቀላ ፋርስኛ የምታነበው። እነሱ ዘንድ ግን የዕውቀቷ ማስረጃ የሆነው ነገር የድንቁርናዋ ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረባት። እሷ ተነስታ ሳህን መሰብሰብ ጀመረች። በባቡር ስንመለስ «ለምን ዝም አልሽ?» ስላት «ሳህኑ መነሳት ነበረበት» አለችኝ። በሷም ተናደድኩ።

ስለዚህ ጻፍኩ። ማኅበሩ ለዳግማይ ትንሣኤ የሚያወጣት ትንሽ መጽሔት አለች። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ስለሌለን በእጅ ነው የምትጻፈው፤ ሰም በተቀባ ስስ ስቴንስል ላይ፣ ጫፉ ብረት በሆነ ብዕር። ብዕሩ ሰሙን ሲፍቀው ቀለሙ በዚያ ያልፋል፤ ከዚያ በማባዣው ይታተማል። እናቴ በየሳምንቱ ቁም ጽሕፈት ስታስጽፈኝ አድጌ እጄ ቆንጆ ነውና ባለፉት ዓመታት ስቴንስሉን የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ የሌሎችን ግጥም፣ የሌሎችን የኀዘን መግለጫ። ዘንድሮ ግን የራሴ ጽሑፍ አለበት፣ ስለ ደካኑ ሰው። ጋሼ በስልክ «ስለ ጀግናችን ከሆነ ግሩም ነው፣ አምጪው» አሉ። ስጽፈው እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም። ባዶ ወረቀት ላይ ምንም ካልነበረበት ሰው ተነስቶ ሲሄድ ማየት።

ከበዓሉ ቀድሞ ባለው ቅዳሜ ከአክስቴ ጋር ዙሪክ ሄድን። እናቴ ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች ቀረች፤ በር ላይ ኮቴን እየቆለፈችልኝ «ለጋሼ ቃል እንዳትመልሺላቸው» አለችኝ። አክስቴ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ስለነበራት አፎልተርን ሰፈር፣ ጋሼ ቤት አድርሳኝ ሄደች። የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ የምላቸው፣ ወጥ ቤት ሽንኩርት ይከትፋሉ። ጋሼ ጽሑፌን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ቀይ እርሳስ ይዘው ጠበቁኝ።

ብዙውን አልነኩትም። እንዲያውም አንድ ሁለት ቦታ በኅዳጉ «ግሩም» ብለው ጽፈዋል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ከነነፍሷ ተሰርዛለች። የእኔ «ልጅ ሆኖ ሸጡት» ትላለች። ከበላይዋ በጋሼ እጅ «ገና በጎልማሳነቱ ጦሩን አስከትሎ ባሕር ተሻገረ» የሚል ተጽፏል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእኔ አይደለም።»

«አሻሻልኩልሽ እንጂ።»

«አልተሻገረም። አሻገሩት ነው።»

«አንቺ እዚያ ነበርሽ?»

«እርስዎስ ነበሩ?»

ወጥ ቤት የቢላዋው ድምፅ ቆመ። እናቴ ትዝ አለችኝና ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩ። ጋሼ ግን አልተቆጡም፤ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተጠጉኝ፣ ድምፃቸውም ዝቅ አለ።

«ስሚኝ የኔ ልጅ። ይቺን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። ደርግ በራዲዮ ሲያነባት የኖራት ናት። ባሪያ ፈንጋዮች፣ ባሪያ ሻጮች ብሎ ነው ቤቴን የወሰደው። ወንድሜን ያሰረው እንደሱ ብሎ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወንድሜን አላየሁትም። አሁን አንቺ በዚች ቆንጆ እጅሽ በማኅበራችን መጽሔት ላይ ልትጽፊያት?»

አሳዘኑኝ፣ እውነቴን ነው። ወንድማቸውን በግድግዳው ላይ ባለው ፎቶግራፍ አውቀዋለሁ፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ ይስቃል። ግን ያ ልጅስ? ፎቶግራፍ የሌለው? እንደገና ነደደኝ።

«ወንድምዎን ያሰረው እኮ ያ ልጅ አይደለም» አልኩ።

ጋሼ ተነሱ። «በይ ጻፊ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው» ብለው ማባዣውን ሊያዘጋጁ ወደ ምድር ቤት ወረዱ።

ሰዓቱ የእውነት ይሄዳል። ማባዣው የሚቀመጠው ምድር ቤት፣ የሕንፃው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ደግሞ ተራ አለው፤ ከምሳ በኋላ የፎቅ ጎረቤት ተራ ነበር። እሑድ ማሽን ማንቀሳቀስ ክልክል ነው። ሃውስቫርት የሚባለው የሕንፃው ጠባቂ በዚህ ቀልድ አያውቅም።

ጻፍኩ። የሌሎቹን ገጾች ጨርሼ የራሴ ላይ ደረስኩ፤ ከዚያ እዚያች ቦታ ላይ። ብረት ብዕሩ ሰሙ ላይ ቆመ። የእሳቸውን ልጽፍ አልኩ፣ እጄ እምቢ አለ። በእጄ ጽሕፈት ሊዋሽ ነው፤ ሰው ሁሉ እጄን ያውቀዋል። የእኔን ልጽፍ አልኩ፣ መጽሔቱ የማኅበሩ ነው፣ ሰብሳቢው እሳቸው ናቸው፣ ሰርዘውታል። መስረቅ ሆነብኝ። ስለዚህ አንድ ሙሉ መስመር ዘለልኩና ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ከበታቹ ጀመርኩ።

ጋሼ ያዩት ስቴንስሉ ማባዣው ላይ ከተጠመደ፣ ቀለም ከነካ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ሲወጣ አንስተው ወደ መብራቱ ያዙት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእርስዎን መጻፍ አልቻልኩም። የእኔን ከለከሉኝ።»

ሌላ ስቴንስል አልቀረንም። ያንን እንዳይነቅሉት ይቀደዳል። እንደዚያ ቆመን ስንተያይ ሃውስቫርቱ በሩ ላይ ብቅ ብሎ የእጅ ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ከኋላው ጎረቤትየዋ የልብስ ቅርጫቷን ታቅፋ ቆማለች።

«ማሽኑ በላው እንላለን» አሉ ጋሼ፣ ለራሳቸው ያህል፤ መዘውሩንም ማዞር ጀመሩ።

በማግስቱ ዜባህ ከጸሎት በኋላ መጽሔቷ ታደለች። እኔ ከአክስቴ ጎን ተቀምጬ ሰው ሲያነብ ማየት ነበር ሥራዬ። ሰዎች የጻፋችሁትን ሲያነቡ ፊታቸውን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። ከዚያ አንድ በአንድ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ይቆማል።

«እዚህ ጋ ምን ነበር?» አሉ የአልጀብራው ሰውዬ።

«ማሽኑ በልቶት ነው» አሉ ጋሼ።

ሰውዬው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። «ማሽን አንድ መስመር ብቻ መርጦ ይበላል እንዴ? ከላይም ከታችም ጥርት ብሏል እኮ።»

«ከአገር ቤት ተከፍቶ፣ መስመር ተሰርዞበት የሚመጣልንን ደብዳቤ ነው የመሰለኝ» አለች የፊልሙ ሰውዬ ሚስት። ይህን ያለችው ለጨዋታ ነበር። ግን አንዳንዶቹ መሳቅ ጀምረው ተዉት። እዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደዚያ ያለ ደብዳቤ ያልደረሰው የለም፤ ማን እንደሚከፍተውም ሁሉም ያውቃል።

ጋሼ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ከሰው ሁሉ በላይ ደርግን የሚጠሉት እሳቸው ናቸው፣ አሁን በደርግ ሥራ ተጠረጠሩ። ተነስተው ቆሙ።

«እኔ ሰው አላፍንም» አሉ። «ልጅቷ ‹ልጅ ሆኖ ሸጡት› ብላ ጽፋ ነበር። ያልተስማማሁት ባላምንበት ነው። ይኸው ሰማችሁ።»

ዓረፍተ ነገሬን እንደዚያ ባለ ድምፅ ስሰማው ክው አልኩ። ከወረቀቱ ይልቅ እዚያ አማረ።

«ማን ሸጠው?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ሁሉም አክስቴን አዩ። «አላውቅም» አለች። በገና ጊዜ ያለችው ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ። በዚህ ጊዜ ግን የሳቀ አልነበረም። «ሕፃን ልጅ ራሱን እንደማይሸጥ ግን አውቃለሁ። ባሕሩ ጋ እስኪደርስም የተሄደው በእኛው አገር መንገድ ነው።»

እትዬ ከጋሼ ጎን ድፎ ዳቦውን ይዘው ቆመው ነበር። ለሰው ብለው አልተናገሩም፤ እኔ ቅርብ ስለነበርኩ ነው የሰማሁት።

«እርስዎን አዝለው ያሳደጉዎት እማማ የየት አገር ሰው ነበሩ?»

«የትኛዋ?»

«እናትዎ ቤት፣ ከጓዳው አጠገብ ባለችው ክፍል የነበሩት። ልጅ ሆነው ከቤታቸው ተወስደው እንደመጡ እኔን አጫውተውኛል። እርስዎን አላጫወቱዎትም?»

ጋሼ እጃቸው ላይ ያለችውን መጽሔት ጠቀለሏት፣ መልሰው ዘረጓት።

«አላውቅም» አሉ። «ጠይቄያቸው አላውቅም።»

ከዚያ ዳቦው እንዲቆረስ አዘዙ። ተቆረሰ፣ ተበላ።

አሁን፣ በዚህ ያበቃ መስሏችሁ ከሆነ ሰዎቹን አታውቋቸውም። ከምሳ በኋላ ወንበሩ እንደገና ክብ ሆነ። የፊልሙ ሰውዬ እግሩን አነባብሮ «እኔ ድሮም ተሽጧል ብዬ ነበር፤ ፊልም ላይ አይቼዋለሁ» አለ። የአልጀብራው ሰውዬም መንገዱ በየት በየት እንደነበር፣ ነጋዴዎቹም እነማን እንደሆኑ፣ ጮክ ብለው፣ ሳይደናቀፉ፣ ያስረዱ ጀመር። አክስቴ ከኋላቸው ቆማለች። «እስቲ አንቺ ንገሪን» ያላት የለም። ይቅርታ ያላት የለም። ሳህን ልታነሳ ስትል ከእጇ ቀማኋትና የአልጀብራው ሰውዬ ጭን ላይ አስቀመጥኩት። «ይሄንን ያንሱልን፣ ተከራክረው ሲጨርሱ» አልኳቸው። እናቴ አልነበረችም፣ የሚቆነጥጠኝም አልነበረም። ሰውዬው ሳህኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ተነስተው ወሰዱት።

በባቡሩ ውስጥ ገና አልበረደልኝም ነበር፣ ዓለምን የገዛሁ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ጽሑፌን ከአናቱ ጀምራ ታነባለች። ታመሰግነኛለች ብዬ ጠበቅሁ። በርን የሚባለውን ከተማ እስክናልፍ ድረስ ስታነብ ቆየች። ከዚያ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች።

«‹ባሕሩን ባየ ጊዜ አለቀሰ› ትያለሽ።»

«አዎ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል፣ ሕፃን ልጅ ነው፣ ከእናቱ ወስደውታል፣ ባሕር አይቶ አያውቅም። አያለቅስም?»

«እኔ አላለቀሰም አልኩ ወይ? እኔ የምጠይቅሽ ከየት አመጣሽው ነው።»

«ማልቀሱ አይቀርም ብዬ ነዋ።»

«ጋሼም ጦር የሰጡት» አለች መጽሔቷን እያጠፈች፣ «ጦር ሳይኖረው አይቀርም ብለው ነው።»

በንዴት ጆሮዬ ጋለ። ለማን ብዬ ነው ከጋሼ ጋር የተጣላሁት? ለማን ብዬ ነው ሽማግሌ ሰው ጭን ላይ ሳህን ያስቀመጥኩት? «አንቺ ደግሞ ልብ የለሽም» አልኳት። «አለኝ» አለች፣ «ግን ምንጭ ብዬ አልጠቅሰውም»። ከዚያ ኮቷን ትራስ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። እስከ ሎዛን ድረስ አላናገርኳትም። ሐይቁ ሲታይ ሁልጊዜ «ኧረ እዪው» እንባባላለን፤ ዛሬ ግን ዝም ብዬ ብቻዬን አየሁት። ያ ልጅ ባሕሩን ሲያይ ምን እንዳደረገ ማሰብ ሞከርኩ። ምናልባት ተገረመ። ምናልባት ተኝቶ ነበር።

ብዕሬን አወጣሁና በራሴ ቅጂ ላይ፣ በባዶዋ መስመር፣ «ልጅ ሆኖ ሸጡት» ብዬ ጻፍኩ። አጭር ስለሆነች ከመስመሩ ብዙ ተረፈ። የምሞላበት ነገር ሞልቶኝ ነበር፤ ስለ ሻጮቹ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ እናቱ። አክስቴ አንድ ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች። ብዕሬን ዘጋሁት።

አለቀሰ የሚለውን ግን እስካሁን አልሰረዝኩትም። እሰርዘዋለሁ። መጀመሪያ ንዴቴ ይውጣልኝ።